እየሰፋ የሚሄድ የንግድ መዝገብ አደረጃጀትና የተጠቃሚዎች ሥልጣን

በአሰላና በአካባቢዋ የሚካሄደው የገብስ ንግድ የወቅት ንግድ መሆኑ የታወቀ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የጢዮ፣ የዲገሉና ጢጆ፣ የሙኔሳ፣ የሌሙና ቢልቢሎ ገበሬ ምርቱን ወቅቶ ወደ ገበያ ያወርዳል። በእነዚህ ሳምንታት ነጋዴው ከንጋት እስከ ምሽት በሚዛኑ አጠገብ ስለሚውል፣ መዝገቡን ለማስተካከል ቀርቶ መዝገቡ እንደ ተበላሸ ለማወቅም ጊዜ አያገኝም። ጉድለቱ የሚታወቀው ግርግሩ ካለፈ በኋላ፣ የመጋዘኑ ጆንያ ከወረቀቱ ቍጥር ጋር አልገጥም ሲል ወይም ቀብድ የወሰደ ገበሬ «እኔ የምታውቁት ሰው አይደለሁም» ብሎ ሲከራከር ነው።

የንግዱ መስፋፋት ችግሩን አብዝቶታል። ቀድሞ ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሌላ ገዢ ያልነበረው የብቅል ገብስ፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ቦሌ ለሚ አዳዲስ የብቅል ፋብሪካዎች ከተቋቋሙ ወዲህ ብዙ ፈላጊ አግኝቷል። ገዢው ሲበዛ የጥራት ጥያቄውም ይበዛል፤ አንዱ የዘሩን ዐይነት፣ ሌላው የእርጥበቱን መጠን፣ ሦስተኛው የብቅለት ኃይሉን ያስመዘግባል። ትናንት ስም፣ ክብደትና ዋጋ ብቻ ይጻፍበት የነበረ ደብተር ዛሬ ሃያ ዐምድ ይጠየቃል።

ብዙ ነጋዴዎች በዚህ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ይዞራሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን አብዛኛዎቹ የሚያደርጉት የድሮውን ደብተር እንዳለ ወደ አንድ ሰፊ የኤክሴል ገጽ መገልበጥ ነው። በአንድ ረድፍ ላይ የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የስልክ ቍጥሩ፣ የገብሱ ዐይነት፣ የጆንያው ብዛት፣ ክብደቱ፣ የዕለቱ ዋጋ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የቀረው ዕዳ፣ የሸጠለት ደላላ ሁሉ ተደርድሮ ይገኛል። ያው ገበሬ በወቅቱ ስምንት ጊዜ ገብስ ቢያመጣ ስሙና ስልኩ ስምንት ጊዜ ይጻፋል። ስልኩን በለወጠ ጊዜ ጸሐፊው በአንዱ ረድፍ ላይ አርሞ ሰባቱን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው የትኛው እንደ ሆነ መዝገቡ ራሱ ሊመሰክር አይችልም።

መድኀኒቱ አዲስ አይደለም። ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በአሜሪካ በአይቢኤም ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መዝገብ በተለያዩ ሠንጠረዦች ተከፍሎ፣ ሠንጠረዦቹም በመለያ ቍጥር ብቻ እየተያያዙ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የንግድና የባንክ የመረጃ ቋቶች በብዛት በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፍሬ ነገሩ አንድ ነገር በአንድ ስፍራ ብቻ ይጻፍ የሚል ነው። የገበሬው ስልክ በገበሬዎች ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የሚዛን ሠንጠረዥ የሚይዘው የገበሬውን መለያ ቍጥር እንጂ ስሙንም ስልኩንም አይደለም። ስልኩ ሲለወጥ አንድ ስፍራ ታርሞ በሁሉም ዘንድ የታረመ ይሆናል።

ለአንድ የገብስ ነጋዴ ይህ ሲተረጐም ሠንጠረዦቹ ከሰባት አይበልጡም፦ አቅራቢዎች፣ ገዢዎች፣ የእህል ዐይነቶች፣ መጋዘኖች፣ የሚዛን ገቢ፣ የሽያጭ ወጪ፣ የገንዘብ ክፍያ። ቀብድ ለብቻው ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፤ ከክፍያዎች አንዱ ነውና በዐይነቱ ተለይቶ በክፍያው ሠንጠረዥ ይግባ። የቀረ ዕዳ ደግሞ ጨርሶ መጻፍ የለበትም። ዕዳ ከሚዛኑና ከክፍያው ተደምሮና ተቀንሶ የሚወጣ ውጤት ስለ ሆነ፣ በእጅ የተጻፈ ዕዳ ከምንጮቹ ጋር የሚጣላበት ቀን አይቀርም።

ዋጋን በሚመለከት ግን «አንድ ስፍራ ብቻ» የሚለው ደንብ በጥንቃቄ ሊተረጐም ይገባል። አንዳንድ ጀማሪ ባለሙያዎች ዋጋን በእህል ዐይነቶች ሠንጠረዥ ላይ ብቻ አስቀምጠው፣ የሚዛኑ ገቢ ከዚያ እያነበበ እንዲያባዛ ያደርጋሉ። የገብስ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲለወጥና አዲሱ ዋጋ በአሮጌው ላይ ሲጻፍ፣ ባለፈው ሳምንት የተገዛው ሁሉ በአዲሱ ዋጋ እንደ ተገዛ ይቆጠራል፤ ተከፍሎ ያለቀ ሒሳብ ዕዳ ያለበት መስሎ ይነሣል። ስለዚህ የዕለቱ ዋጋ በዋጋ ዝርዝር ላይ ቢኖርም፣ ከገበሬው ጋር ስምምነት የተደረገበት ዋጋ በዚያው የሚዛን ረድፍ ላይ መቀመጥ አለበት። ሁለቱ ቢመሳሰሉም አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው የገበያ ወሬ ነው፤ ሁለተኛው ውል ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የሰው ስም ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተ ሰብ ስም የለውምና በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል፤ በአንድ ቀበሌ ሁለቱ ስሞች የተገጣጠሙላቸው ሦስት አራት ሰዎች ማግኘት ተራ ነገር ነው። በዚህ ላይ የፊደል ጉዳይ ይጨመራል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ጸጋዬ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ፀጋዬ ብሎ የፈለገ ጸሐፊ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል፤ አላጣራምና እንደ አዲስ ሰው ይመዘግበዋል። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉም እንዲሁ ሦስት ሰው ይሆናሉ። አንዱ ሰው በሁለት ስም ቀብድ ሁለት ጊዜ ወስዶ የሚሄደው፣ አታልሎ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው።

በአርሲ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የገበሬው መታወቂያና የቀበሌው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ የነጋዴው ደብተር ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው፤ የባንኩ ሰነድ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመጣል። ጫላ የሚለው ስም በባንክ ወረቀት ላይ መነሻው በሁለት ሆሄ ሲጻፍ በቁቤ ግን በአንድ ሆሄ ይጀምራል፤ ረዘም ያለው ድምፅም በቁቤ ሆሄው ተደግሞ ይጻፋል። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያየ ሰው የአንድ ሰው መሆናቸውን ይገነዘባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አይገነዘብም።

ስለዚህ ስም መለያ ሆኖ ሊያገለግል አይገባውም። ለእያንዳንዱ አቅራቢ ቤቱ ራሱ የሚሰጠው ቍጥር ይኑር፤ ቍጥሩም ትርጕም የሌለው፣ የማይለወጥና ለሌላ ሰው የማይሰጥ ይሁን። ቀበሌውን ወይም ዓመተ ምሕረቱን በቍጥሩ ውስጥ ለማስገባት የሚደረገው ብልኀት ገበሬው ቀበሌ የለወጠ ዕለት ያሳፍራል። ስሙ በሁለት ዐምድ ይያዝ፦ በአንዱ ባለቤቱ በመታወቂያው ላይ እንደ ጻፈው፣ በሁለተኛው ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ተመልሰው ለፍለጋ ብቻ። ይህን ማድረግ ለአንድ ሠሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የስልክ ቍጥርም ይረዳል፤ ሆኖም አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ስለሚጠቀሙ ብቻውን አይበቃም።

የግብር ከፋይ መለያ ቍጥር ዐሥር አኃዝ ያለው ሲሆን የብዙዎቹ መነሻ ዜሮ ነው። የስልክ ቍጥርም በዜሮ ይጀምራል። ዐምዱ የሒሳብ ቍጥር ነው ተብሎ ከተዘጋጀ ኮምፒዩተሩ ዜሮዎቹን ከፊት ይጥላቸዋል። የማይደመርና የማይባዛ ቍጥር እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ የሚለው ቀላል ደንብ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ቀንን በተመለከተም ጥቅምት 30 በቍጥር 30/2 ተብሎ ሲጻፍ የውጭውን አቆጣጠር የሚያውቀው ኮምፒዩተር የካቲት ሠላሳ የሚባል ቀን የለኝም ብሎ ይመልሰዋል። የሚመልሰው እንኳ ደግ ነው፤ የሚከፋው 5/4/2017 ሲባል ነው። ለጸሐፊው ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለኮምፒዩተሩ ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ያህል የቀደመ ቀን ነው፤ ሳይከራከርም ይቀበለዋል። በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ አቆጣጠር ይሁን፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየው የኢትዮጵያ አቆጣጠር በስሌት ይመለስ፤ ጳጉሜንም አይዘነጋ።

መዝገብ በሰው ብዛት ሲሰፋ የሚደርሰው ነገር በአርሲ ታሪክ ውስጥም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ለገበሬዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያድል ነበር። ተበዳሪዎቹ በመጀመሪያ ጥቂት መቶዎች ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10,000 በላይ ሆኑ። ጥቂት መቶ ሰው በፊቱ ይታወቃል፤ ዐሥር ሺህ ሰው ግን የሚታወቀው በመዝገቡ ብቻ ነው። ዛሬ በእርሻ ወቅት ቀብድ የሚያድል ነጋዴም የሚደርስበት ወሰን ይኸው ነው።

የሚሠራበትን መሣሪያ በሚመለከት፣ ኤክሴል ለትንሽ ቤት መጥፎ አገልጋይ አይደለም። አደጋው ዝም ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረምና ጥቅምት ላይ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት የኮሮና ሕሙማንን ዝርዝር የሚያስተላልፈው ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዝ የቆየ ዐይነት ገጽ ስለ ነበር፣ 15,841 ሕሙማን ከዝርዝሩ ውጭ ቀሩ፤ ገጹ ሞልቻለሁ ብሎ አልጮኸም። የማይክሮሶፍት አክሰስ ከዚያ የተሻለ ሠንጠረዥ አያያዥ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ፋይል ከሁለት ጊጋባይት አያልፍም፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው የፋይል ዐይነትም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለያየ ሥልጣን የመስጠት ችሎታው ተወግዷል። ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ ፋይሉን ገልብጦ ሊወስደው ይችላል። ሠራተኞቹ ከሦስት አራት ያለፉ ቤት፣ ያለ ክፍያ የሚገኙትን ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስተክሎ ሌሎቹ በመረብ እንዲደርሱበት ቢያደርግ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ወደ ተጠቃሚዎች ሥልጣን እንገባለን፤ በብዙ የንግድ ቤቶች ሠንጠረዡ ከተስተካከለም በኋላ የሚፈርሰው በዚህ በኩል ነው። የተለመደው አሠራር አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም መስጠትና ቃሉን በወረቀት ጽፎ በኮምፒዩተሩ ጠርዝ ላይ መለጠፍ ነው። ለምን ቢባል፣ ነጋዴው ለወንድሙ ልጅ የተለየና የተወሰነ ሥልጣን መስጠት እንደ ጥርጣሬ ይቈጠርብኛል ብሎ ይፈራል። ይሉኝታ ከኮምፒዩተር ዕውቀት ማነስ ይልቅ ብዙ መዝገብ አበላሽቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ፍርሃት ግን ሥር የለውም። በአገራችን የመንግሥት ንብረት አስተዳደር የሠራ ሰው ሁሉ ዕቃ ወደ ግምጃ ቤት በሞዴል 19 እንደሚገባና በሞዴል 22 እንደሚወጣ ያውቃል፤ ጠያቂው፣ ፈቃጁና አውጪው ተለያይተው ይፈርማሉ። ይህ ሥርዐት ንብረት ያዡን በሌብነት የሚያማ ሳይሆን፣ ጉድለት በተገኘ ጊዜ ያለ ጥፋቱ እንዳይጠየቅ የሚጠብቀው ነው። በመረጃ ቋት ውስጥ የሚሰጠው ሥልጣንም ይኸው ሞዴል በሌላ መልክ ነው።

ሥልጣን ለሰው ሳይሆን ለሥራ ይሰጥ። በገብስ ነጋዴው ቤት ሚዛን ያዡ ክብደትንና እርጥበትን ይጽፋል፤ ገንዘብ ከፍሎ አያውቅም፣ የሽያጭ ዋጋንም አያይም። ገንዘብ ያዡ የተመዘነውን ያነባል፣ ክፍያውን ይጽፋል፤ ክብደቱን ግን ሊነካ አይችልም። መጋዘን ያዡ የገባውንና የወጣውን ጆንያ ይመለከታል። ሒሳብ ሠራተኛው ሁሉን ያነባል፤ በሚዛኑ ሠንጠረዥ ላይ ግን አንዲት ቍጥር አይጽፍም። የገዢዎች ዋጋ ዝርዝር ለባለቤቱና ለሽያጭ ኀላፊው ብቻ ይከፈት፤ ፋብሪካው በኩንታል ስንት እንደሚከፍል በሚዛኑ አጠገብ የቆመ ደላላ ካወቀ፣ የግዢው ዋጋ በማግሥቱ ይነሣል። ሚዛን ያዥና ገንዘብ ያዥ አንድ ሰው መሆን በሚገደዱበት ትንሽ ቤት እንኳ፣ ሁለቱ ሥራዎች በሁለት የመግቢያ ስም ቢሠሩ ወደፊት ሰው ሲጨመር መለየቱ ይቀላል።

ባለቤቱስ? ሁሉን የሚችለውን የመግቢያ ስም ባለቤቱ በየቀኑ ሊሠራበት አይገባም። በየቀኑ የሚያስፈልገው ማንበብ ነውና የንባብ መግቢያ ይበቃዋል። ሁሉን የሚችለው ቃል በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ፤ ሠንጠረዥ ሲለወጥ ወይም ሠራተኛ ሲቀጠርና ሲሰናበት ብቻ ይውጣ። የተሰናበተው ሰው መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ፤ ስሙ ግን አይሰረዝ፤ የጻፋቸው ረድፎች የማን እንደ ሆኑ ሊታወቅ ይገባልና።

የተጻፈ አይፋቅ የሚለው የድሮ ሒሳብ ጸሐፊዎች ደንብ እዚህም ይሠራል። 86 ኪሎ የሆነው በስሕተት 68 ተብሎ ከተጻፈ፣ ሥልጣን ያለው ሰው የመጀመሪያውን ረድፍ የሚያፈርስና ትክክለኛውን የሚተካ አዲስ ረድፍ ይጽፋል፤ የቀድሞውም ይታያል። የመረጃ ቋቱ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ጻፈ በራሱ እንዲመዘግብ ይደረግ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰው የሥርዐት ብልሽት ለጥቂት ሰዓታት ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ሊያወጡና ሊያስተላልፉ በቻሉ ጊዜ፣ ባንኩ የጎደለውን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ ለመቍጠርና ገንዘቡን የወሰዱትን በስም ለይቶ ለመጠየቅ የበቃው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከሒሳብ ቍጥሩና ከሰዓቱ ጋር ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው። አብዛኛውም ገንዘብ ተመልሷል። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል በሚገባበት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም፤ የጻፈው ሁልጊዜ «ኮምፒዩተሩ» ይሆናል።

በበቆጂ ወይም በሳጉሬ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ ሁለት ነገር ይጨምር። የመጀመሪያው፣ የበቆጂ ሠራተኛ የበቆጂን ረድፍ ብቻ እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው ፖስትግሬስ ይህን በራሱ ይችላል። ሁለተኛው የመረብ መቋረጥን ይመለከታል። መስመር ሲጠፋ ቅርንጫፉ መመዘኑን አያቆምም፤ ሁለቱም ቦታ ከአንድ ተራ ቍጥር እየቀጠሉ ከጻፉ፣ መስመሩ ሲመለስ ሁለት የተለያዩ ደረሰኞች አንድ ቍጥር ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደረሰኝ የራሱ ምልክትና የራሱ ተራ ይኑረው።

ሕጉም ከዚህ ውጭ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ በእርሱ ምትክ የመጣው የአዋጅ ቍጥር 1243/2013 የንግድ ሕግም ግዴታውን አላነሣም። አዲሱ ነገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ሲሆን፣ የገበሬውን ስም፣ ስልክና የፋይዳ ቍጥር የያዘ ነጋዴ መረጃውን ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ የመጠቀምና የመጠበቅ ኀላፊነት አለበት። የአቅራቢዎቹን ዝርዝር ለማዳበሪያ ሻጭ በፍላሽ ገልብጦ የሚሰጥ ጸሐፊ ቀድሞ ደግ ሰው ይባል ነበር፤ አሁን አሠሪውን በሕግ ያስጠይቃል።

የመጠባበቂያ ቅጂ ነገር አጭር ነው፦ በየማታው ይውሰድ፣ ከሱቁ ሌላ ቤት ይቀመጥ፣ በወር አንድ ጊዜም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይሞከር። ተሞክሮ የማያውቅ ቅጂ ቅጂ አይባልም።

ሥራው የሚጀመርበት ጊዜ ሐምሌ ቢሆን ይመረጣል። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ክረምቱም ለሚዛን ሥራ አይመችም። ነጋዴው ያለፉትን ዓመታት ረድፎች ሁሉ ወደ አዲሱ ቋት ለማስገባት አይድከም። የአቅራቢዎችን ስም አጣርቶ አንድ በአንድ ያስገባ፤ ያልተከፈለ ቀብድና ያልተሰበሰበ ዕዳ ካለ እንደ መነሻ ሚዛን ያስመዝግብ፤ አሮጌው ደብተርና አሮጌው ገጽ ተዘግተው እንዳሉ ለማስረጃ ይቀመጡ። በነሐሴ ሠራተኞቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መግቢያ፣ ባለፈው ዓመት የአንድ ሳምንት ደረሰኝ ላይ እየተለማመዱ ይጻፉ። ከዚያ የሚወጣው ድምር ከአሮጌው ደብተር ድምር ጋር ካልገጠመ፣ ምክንያቱን ፈልጎ ለማግኘት እስከ ኅዳር ሁለት ወር ከመንፈቅ ያህል ጊዜ አለ።